ርካሽ ኮምፕሬሰር ለሆስፒታል ሲሆን ይወደዳል
በቆላው የታመቀ አየር ንጽሕና የሚጠይቀው ወጪ ከመሣሪያው ዋጋ ጋር ተደምሮ ሊታሰብ ይገባል

በመተማ ዮሐንስም ሆነ በገንዳ ውኃ ዋናውን መንገድ ይዞ የሚጓዝ ሰው የአየር መጭመቂያን፣ በተለምዶ አጠራሩ ኮምፕሬሰርን የሚያየው ከጎሚስታ ቤት ደጃፍ ነው። የጭነት መኪና ጎማ ሲተነፍስ የሚሞላው፣ የተቧጨረ መኪና ቀለም የሚረጨው፣ አቧራ የያዘ ማጣሪያ የሚነፋው በዚሁ መሣሪያ ነው። ለዚህ ሥራ አየሩ ጥቂት ውኃ ወይም የዘይት ጭጋግ ቢኖርበት ጎማው አይታመምም። ያው የታመቀ አየር ወደ ሕመምተኛ ሳንባ ሲገባ ወይም በመድኃኒት ፋብሪካ ኪኒንና የመርፌ ብልቃጥ ሲነካ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚህ ላይ አየር ማሽን ማንቀሳቀሻ ኃይል ብቻ ሳይሆን ጥሬ ዕቃ ነው። ጥሬ ዕቃ ደግሞ ጥራቱ ተመርምሮ ይገዛል።

ይሁን እንጂ ኮምፕሬሰር ለመግዛት ገበያ የሚወጣ ሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ፈረስ ጉልበቱ፣ ስለ ታንከሩ መጠንና ስለ ዋጋው ነው። ከኮምፕሬሰሩ በስተኋላ የሚተከሉት ማቀዝቀዣ፣ ማድረቂያና ማጣሪያ እንደ ትርፍ ዕቃ ይታያሉ። በምዕራብ ጎንደር ቆላ ይህ አስተሳሰብ ከደጋው የበለጠ ያስከፍላል። ምክንያቱን ለመረዳት አየሩ የት የት እንደሚገባና ምን ይዞ እንደሚገባ ማየት ያስፈልጋል።

ከፋብሪካ እስከ መድኃኒት ቤት

መተማ የወባ አገር ነው። በሰሊጥና በጥጥ እርሻዎች ላይ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋው የሚወርደው የጉልበት ሠራተኛ በወባ ብቻ ሳይሆን በካላዛርም ይያዛል። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ስትሆን፣ በሽታው ካልታከመ በአብዛኛው ለሞት ያበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ለምሥራቅ አፍሪካ ያስቀመጠው ዋና ሕክምና ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን የተባሉ ሁለት መድኃኒቶችን ለ17 ቀናት በመርፌ መስጠት ነው። ሁለቱም ከውጭ የሚገቡ ናቸው።

እንዲህ ያለ የመርፌ መድኃኒት ሲመረት ብልቃጡ በታመቀ አየር ተነፍቶ ይጸዳል፣ መሙያውና መክደኛው ማሽንም በአየር ግፊት ይሠራል። ለወባ የሚሰጠው ኪኒንም ቢሆን ከአየር አያመልጥም። ዱቄቱ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው በአየር ይገፋል፣ የኪኒኑ ሽፋን በአየር ይረጫል፣ ፕላስቲክና አልሙኒየም የሆነው ማሸጊያው ኪኒኑን የሚይዝበት ጎድጓዳ ቅርጽ የሚወጣለትም በአየር ግፊት ነው።

በአገራችን የመድኃኒት ምርት እ.ኤ.አ. በ1964 ከተቋቋመው ኢፋርም ወዲህ እያደገ መጥቷል። ባዶ የካፕሱል ቅርፊት የሚሠራው ሲኖ ኢትዮፕ አሶሼት፣ በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ የተተከለውና እ.ኤ.አ. በ2018 የተመረቀው ሂዩማንዌል የዚህ ዘርፍ ፋብሪካዎች ናቸው። መንግሥትም ለመድኃኒት ፋብሪካዎች ብቻ የሚውል የኢንዱስትሪ ፓርክ በአዲስ አበባ ቂሊንጦ አቋቁሟል። በዚህ ዘርፍ የሚሰማራ ባለሀብት ሁሉ ማሽን ሲያዝ አየርንም አብሮ ማዘዙ አይቀርም። ካፕሱል ለምሳሌ እርጥበት ሲበዛበት ይለሰልሳል፣ እርስ በርሱም ይጣበቃል። እርጥብ አየር የነካው ዱቄት ይጓጉላል። የዘይት ጠብታ ያረፈበት ኪኒን ደግሞ ከነሙሉ ዙሩ ተጥሎ ኪሳራ ይሆናል።

ለምን ያህል ንጽሕና ይከፈላል?

የታመቀ አየር ንጽሕና የሚለካበት ዓለም አቀፍ መመዘኛ አይ ኤስ ኦ 8573-1 ይባላል። መመዘኛው ሦስት ነገሮችን ለየብቻ በደረጃ ይከፍላል፤ እነርሱም ብናኝ፣ ውኃና ዘይት ናቸው። ዘይትን ብንወስድ በደረጃ 1 በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ0.01 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም፤ በደረጃ 4 ግን እስከ 5 ሚሊ ግራም ይፈቀዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 500 እጥፍ ነው። ውኃ የሚለካው በጤዛ ነጥብ ነው፤ ይኸውም አየሩ ስንት ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ጤዛ እንደሚቋጥር ነው። በደረጃ 4 የጤዛ ነጥቡ ከዜሮ በላይ 3 ዲግሪ ሲሆን፣ በደረጃ 2 ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ነው።

ለሕመምተኛ የሚሰጥ አየር ከዚህም ያለፈ ጥያቄ አለበት። የአውሮፓ የመድኃኒት መድበል እንደሚያዘው ለሕክምና የሚውል አየር ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሚሊዮን 5 እጅ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን 500 እጅ፣ ውኃ ደግሞ ከሚሊዮን 67 እጅ መብለጥ የለባቸውም። ዘይት በሜትር ኩብ ከ0.1 ሚሊ ግራም አያልፍም። ጀርም አልባ መድኃኒት በሚሞላበት ክፍል ደግሞ ምርቱን የሚነካው አየር ቀዳዳው ከ0.22 ማይክሮን በማይበልጥ ማጣሪያ ማለፍ እንዳለበት እ.ኤ.አ. በ2023 ሥራ ላይ የዋለው የተሻሻለው የአውሮፓ ኅብረት የአመራረት መመሪያ ይደነግጋል።

ይህን ማወቅ ገዢውን ከሁለት ስሕተት ያድነዋል። አንደኛው ለማይፈለግበት ሥራ ደረጃ 1 ብሎ ገንዘብ መጣል ነው። የካርቶን ማሸጊያ ማሽን የሚያንቀሳቅሰው አየር ኪኒኑን የማይነካ ከሆነ ደረጃው ዝቅ ቢል ጉዳት የለውም። ሁለተኛውና የከፋው ለሁሉም ሥራ አንድ ዓይነት ተራ አየር ማቅረብ ነው። ጥሩ የፋብሪካ ንድፍ አየሩን በማዕከል አድርቆና ጠርጎ ያሰራጨውና ምርቱን በሚነካበት ቦታ ላይ ብቻ የመጨረሻውን ጥብቅ ማጣሪያ ይጨምራል።

የኦክስጅን ጥሬ ዕቃ

ለመተማና ለአካባቢው ሕዝብ የጉዳዩ ዋና ክብደት ያለው በኦክስጅን ላይ ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 ለሕክምና ኦክስጅን መስፋፋት ፍኖተ ካርታ ካወጣ ወዲህ፣ በተለይም ከኮቪድ ወረርሽኝ በኋላ፣ ኦክስጅንን ከአየር ላይ ለይተው የሚያመርቱ ተቋማት በክልሎች ተተክለዋል። ባሕር ዳርም ከእነዚህ አንዷ ናት።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ከ100 እጅ አየር 78ቱ ናይትሮጅን፣ 21ዱ ኦክስጅን ነው። አየሩ ታምቆ ዜኦላይት የተባለ ፍሬ በተሞላ ታንከር ውስጥ ሲያልፍ ፍሬው ናይትሮጅኑን ይይዛል፣ ኦክስጅኑን ይለቃል። ግፊቱ ሲቀነስ ፍሬው የያዘውን ናይትሮጅን ወደ ውጭ ይተፋል፤ ሁለት ታንከሮች እየተፈራረቁ ሥራው ይቀጥላል። የሚገኘው ጋዝ ከ90 እስከ 96 በመቶ ኦክስጅን ሲሆን ለሕክምና ብቁ ነው።

ለአንድ ሜትር ኩብ ኦክስጅን ቢያንስ 10 ሜትር ኩብ ያህል አየር መታመቅ አለበት። ባለ 40 ሊትር ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ 6 ሜትር ኩብ ኦክስጅን ይይዛል፤ ይህም በደቂቃ 5 ሊትር ለሚወስድ አንድ ሕመምተኛ የሚበቃው ለ20 ሰዓት ብቻ ነው። ከጎንደር በአይከል አድርጎ እስከ መተማ ዮሐንስ ያለው መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሳ በመተማ በኩል በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ስደተኞች ገብተዋል፤ በክልሉ በዚያው ዓመት የተቀሰቀሰው ግጭትም የመንገድ ጉዞን አስቸጋሪ አድርጎታል። ሲሊንደር ጭኖ መመላለስ በማይቻልበት ቀን በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ኦክስጅን ማምረት ያለው ዋጋ ለማንም ግልጽ ነው።

ነገር ግን ዜኦላይት ከናይትሮጅን ይልቅ ውኃን ይወዳል። እርጥብ አየር ከገባበት ውኃውን ይዞ ይቀመጥና ለናይትሮጅን ቦታ ያጣል። ዘይት ከደረሰበት ደግሞ ፍሬው ይሸፈናል፤ ተመልሶም አይድንም። አሳሳቢው ነገር ይህ ሲሆን የሚሰማ ወይም የሚታይ ምልክት አለመኖሩ ነው። ኮምፕሬሰሩ ይጮኻል፣ የግፊት መለኪያው እንደወትሮው ያሳያል፣ ጋዙም ይፈሳል። የወረደው የኦክስጅኑ መቶኛ ብቻ ነው። የሳንባ ምች ላለበት ሕፃን አፍንጫ ላይ የተገጠመችው ቱቦ ኦክስጅን እየሰጠች መስላ ከተራ አየር ብዙ ያልተሻለ ጋዝ ልትሰጥ ትችላለች። ዘይት ሌላም አደጋ አለው፤ በከፍተኛ ግፊት ያለ ኦክስጅን ዘይትና ግራሶ ሲነካ እሳት ያስነሳል።

ቆላና ደጋ በአየር ሚዛን

መተማ ዮሐንስ ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር አካባቢ ላይ ስትገኝ፣ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል። በዚህም ምክንያት አንድ ዓይነት ኮምፕሬሰር በመተማ በ30 ዲግሪ ሙቀት፣ በጎንደር ደግሞ በ20 ዲግሪ ቢሠራ፣ የሙቀቱ ልዩነት ታስቦ እንኳ በጎንደር የሚሰበስበው አየር በክብደት 13 በመቶ ያህል ያንሳል። በዚህ በኩል ቆላው ይጠቀማል።

በእርጥበት በኩል ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። ሞቃት አየር ብዙ ውኃ ይሸከማል። በክረምት ወራት ሙቀቱ 30 ዲግሪ፣ የአየሩ እርጥበት 70 በመቶ ቢሆን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 21 ግራም ያህል ውኃ አለ። በ20 ዲግሪና በተመሳሳይ እርጥበት 12 ግራም ብቻ ነው። በደቂቃ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚስብ ኮምፕሬሰር እንግዲህ በቆላው በ16 ሰዓት ውስጥ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ውኃ ከአየር ጋር ይስባል ማለት ነው። በደጋው ያው ጀሪካን ለመሙላት ከ27 ሰዓት በላይ ይወስዳል።

አየሩ ታምቆ ሲቀዘቅዝ የውኃው አብዛኛው ክፍል ጠብታ ሆኖ ከታንከሩ ሥር ይጠራቀማል። የቀረው ግን በእንፋሎት መልክ ወደፊት ይጓዛል። ይህን የሚይዘው ማድረቂያው ነው። እዚህ ላይ ገዢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በካታሎግ ላይ የሚጻፈው የማድረቂያ አቅም ብዙውን ጊዜ የተሰላው የአካባቢው ሙቀት 25 ዲግሪ፣ ወደ ማድረቂያው የሚገባው አየር 35 ዲግሪ ነው ተብሎ ነው። በመተማ ግን በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በውኃ የጠገበ አየር በ35 ዲግሪ በሜትር ኩብ 40 ግራም ያህል ውኃ ሲይዝ፣ በ45 ዲግሪ 65 ግራም ይይዛል። ስለዚህ በካታሎጉ ላይ የሚበቃ የመሰለው ማድረቂያ በቆላው አይበቃም፤ አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ከፍ ያለ መግዛት የግድ ይሆናል።

ከአልጋ አጠገብ የሚቀመጡት ትንንሽ የኦክስጅን ማምረቻዎችም የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ በመሆኑ ከዚሁ ችግር አያመልጡም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው የቴክኒክ መግለጫ መሠረት እነዚህ መሣሪያዎች እስከ 40 ዲግሪ ሙቀትና እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ቢያንስ 82 በመቶ ኦክስጅን መስጠት ይጠበቅባቸዋል። በዚህ መለኪያ ጎንደር በከፍታዋ፣ መተማ በሙቀቷ ከወሰኑ ጠርዝ ላይ ናቸው። መሣሪያው በጥላ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታና ከግድግዳ ራቅ ብሎ እንዲቀመጥ የሚመከረውም ለዚህ ነው።

የጄኔሬተሩ ጭስ

ሌላው ጉዳይ ኮምፕሬሰሩ አየር የሚስበው ከየት ነው የሚለው ነው። መብራት በሚጠፋበት ሥፍራ የናፍጣ ጄኔሬተር አይቀሬ ነው፤ ለቦታ ቁጠባ ሲባልም ከኮምፕሬሰሩ ጎን ይተከላል። የጄኔሬተሩ ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት። ይህ ጋዝ ሽታና ቀለም የሌለው ሲሆን፣ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ከደም ጋር ይጣበቃል። ተራ የአቧራ ማጣሪያም ሆነ የዘይት ማጣሪያ አይዘውም። ዘይት አልባ የሚባለው ውድ ኮምፕሬሰርም ቢሆን ከውጭ የሳበውን ጭስ አያጠራም። ዘይት የሚጠቀመው ኮምፕሬሰር ደግሞ ከመጠን በላይ ሲግል ከራሱ ዘይት ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊያወጣ ይችላል።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም። የአየር መሳቢያውን ቱቦ ከጄኔሬተሩ፣ ከመኪና ማቆሚያው፣ ከቆሻሻ ማቃጠያውና ከመፀዳጃ ቤት ማስተንፈሻ አርቆ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት አቅጣጫ ከፍ አድርጎ መትከል ነው። የእርሻ ምንጣሮ በሚቃጠልበትና አቧራ በሚበዛበት የበጋ ወቅትም የመሳቢያው ማጣሪያ ከመጽሐፉ ቀጠሮ ቀድሞ መለወጥ ይኖርበታል።

ወጪው የት ነው ያለው?

አንድ ኮምፕሬሰር በዕድሜው ሙሉ ከሚያስወጣው ገንዘብ ሦስት አራተኛ ያህሉ የኤሌክትሪክ ወጪ ነው። የመግዣው ዋጋ ከቀረው ሩብ ውስጥ የሚገኝ ነው። በመሆኑም በግዢ ቀን የተቆጠበው ብር በየወሩ በመብራት ሒሳብ ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። በ7 ባር ግፊት ባለ ቧንቧ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ቀዳዳ በሴኮንድ 10 ሊትር ያህል አየር ያፈሳል፤ ይህ ከላይ ከተጠቀሰው ኮምፕሬሰር ምርት ከግማሽ በላይ ነው። ማጣሪያው ደፍኖ ግፊቱን በአንድ ባር ማሳደግ ሲያስፈልግ የኤሌክትሪክ ፍጆታው 7 በመቶ ያህል ይጨምራል።

ማድረቂያውም የራሱ ድርሻ አለው። አየሩን በማቀዝቀዝ የሚያደርቀው ዓይነት ርካሽ ሲሆን፣ የጤዛ ነጥቡን 3 ዲግሪ ድረስ ብቻ ያወርዳል። እርጥበት በሚመጥ ፍሬ የሚያደርቀው ዓይነት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ ነገር ግን ያለ ማሞቂያ የሚሠራው ፍሬውን ለማድረቅ ከታመቀው አየር ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህሉን ለራሱ ይጠቀማል። ይህ ኪሳራ ሳይታሰብ የተገዛ ኮምፕሬሰር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያንሳል።

ስለዚህ የሆስፒታል ኃላፊም ሆነ የፋብሪካ ባለቤት ከሻጩ ጋር ሲደራደር የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ጥቂትና ግልጽ ናቸው። የተጠቀሰው የአየር መጠን በስንት ሜትር ከፍታና በስንት ዲግሪ ሙቀት ነው? ማድረቂያው በ45 ዲግሪ ምን ያህል አየር ያደርቃል? የጤዛ ነጥብና የኦክስጅን መቶኛ መለኪያ አብሮ ይመጣል ወይስ በተጨማሪ ዋጋ ነው? ማጣሪያው በየስንት ጊዜ ይለወጣል፣ መለወጫውስ ከጎንደር ይገኛል ወይስ ከባሕር ማዶ ታዝዞ ነው የሚመጣው? ቧንቧው ከመዳብ ወይም ከማይዝግ ብረት ነው ወይስ ውስጡ ዝገት ከሚያፈራ ተራ ብረት? ከሁሉም በላይ ደግሞ መሣሪያውን የሚይዘው ባለሙያ ማን ነው፣ ሥልጠናውንስ የሚሰጠው ማን ነው? ለእነዚህ በጽሑፍ መልስ የማይሰጥ ዋጋ ማቅረቢያ ርካሽ ቢመስልም ሙሉ ዋጋ አይደለም።

መሣሪያው ከተተከለ በኋላ ግን አንድ ቁጥጥር ማንም ሰው ያለ መለኪያ ሊያደርገው ይችላል። ይኸውም በታንከሩና በማድረቂያው ማፍሰሻ ሥር ጀሪካን ማስቀመጥ ነው። በክረምት እርጥበት ጀሪካኑ በየቀኑ ውኃ ሊያጠራቅም ይገባዋል። ኮምፕሬሰሩ ቀኑን ሙሉ እየሠራ ጀሪካኑ ደረቅ ሆኖ ከተገኘ ግን የሚያስደስት ነገር አይደለም። ማፍሰሻው ደፍኗል ማለት ነው፤ ያን ያህል ሊትር ውኃም ወደ ዜኦላይቱ፣ ወደ ብልቃጡ ወይም ወደ ሕመምተኛው ቧንቧ አቅጣጫ እየሄደ ነው።